ወለሌ ላይ አልዞርም ያለው ጎማ

ተረቴ ዛሬ በእግሩ አልመጣም። መኪና ተሳፍሮ ሲመጣ መንገድ ላይ ተበላሸበት፤ ይኸው አሁንም ቆሟል። እኔ "ግፉ!" ስል እናንተ "እንገፋለን!" በሉ። አፉን ይዞ የሚቀመጥ ሰው ካየሁ ግን ትቼው ነው የምሄደው፤ እኔ ለሰነፍ አላወራም።

ግፉ!

እንገፋለን!

እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ።

የሾላ በር ሴቶች ወፍጮ የላቸውም ነበር። እህላቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ዳገት ይወጣሉ፣ ቁልቁለት ይወርዳሉ፣ ሰው አገር ሄደው ወረፋ ይጠብቃሉ። ጠዋት የወጣችው ለራት ካልደረሰች ልጆቿ ቆሎ ቆርጥመው ይተኛሉ። ሰለቻቸው። ዶሮ የሸጠች ዶሮ ሸጠች፣ ቅቤ የሸጠች ቅቤ ሸጠች፣ ተሰባሰቡና በናፍታ የሚሠራ ወፍጮ ገዙ። ወፍጮው ከነሞተሩ፣ ከነሁለት ድንጋዩ የዘርጋው ፒክአፕ ላይ ተጫነ። ሴቶቹም ከኋላ ወፍጯቸውን እንደ ሙሽራ ከበው ተሳፈሩ። አለቃቸው ደብሬ ናት፤ ድምጿ ከሞተር የሚበልጥ ሴት። ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን የሰፈሩ ቄስ፣ መምሬ ላቀው፣ ተቀምጠዋል። ሾፌሩ ዘርጋው መኪናውን ከሚስቱ አብልጦ ይወዳል ይባላል። እኔ አላልኩም፤ ሚስቱ ናት ያለችው።

ወለሌ የሚባለው ወንዝ በበጋ ውሃ የለውም። አሸዋ ነው፤ ጠጠር እንኳ ብትፈልጉ አታገኙበትም። መኪናው እመሃሉ ላይ ሲደርስ ከሥሩ "ቋ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። የኋላ ግራ ጎኑ ቁጭ አለ። ዘርጋው ነዳጅ ሰጠ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አላለም።

ቀና ሲሉ ከደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። እዚህ ፀሐይ ነው፤ እዚያ ነጎድጓድ ያጓራል። ደጋ ሲዘንብ ወለሌ ላይ ምን እንደሚመጣ የሾላ በር ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ደራሽ ውሃ ነው የሚመጣው። በሬ ከነቀንበሩ ወስዶ ያውቃል፤ ወፍጮማ ምኑ ነው!

"ወፍጯችን!" ብላ ጮኸች ደብሬ። "በሞቴ ዘርጋው፣ ጎማው አንዴ ይዙርልን! አንዴ ብቻ ይዙር፤ የቀረውን እኛ እንገፋለን።"

ሌላ አልፈለገችም። ጎማ ይዙር፤ ይኸው ነው።

ግፉ!

ዘርጋው ዘሎ ወረደ። ኮፋኖውን ከፈተ፤ ሞተሩ ደህና ነው። ናፍታውን አየ፤ ሞልቷል። ፍሬኑን ነካካ፤ አልያዘም። በደረቱ ተኝቶ ከሥር ገባ።

"አንተ ጎማ፣ ምን ሆነህ ነው የማትዞረው?"

"እኔን ምን አድርግ ትለኛለህ?" አለ ጎማው። "ባሌስትራው ቦታውን ለቆ ከቦዲው ጋር አጣበቀኝ። እሱ ካልተመለሰ አልዞርም።"

ባሌስትራ ማለት መኪናውን ከሥር የሚሸከመው የተደራረበ ብረት ነው፤ እየተለጠጠ እየታጠፈ ጉድጓዱን የሚችለው እሱ ነው። ዘርጋው ዞረበት። "አንተ ባሌስትራ፣ ተመለስ! አንተ ካልተመለስክ ጎማው አልዞርም አለ።"

"ወሬኛ! ማን አስወጣኝና?" አለ ባሌስትራው። "መኪናዬ ከፍ ትበል፣ እንደ ከተማ ልጆች መኪና ትምሰል ብለህ ከእኔና ሁለቱን ጎማ ከሚያያይዘው አክስል መሃል የእንጨት ታኮ የወተፍክ አንተ አይደለህም? እንጨቱ ተሰነጠቀ፣ የመሃል ቡሎኔ ተቆረጠ፣ እኔም ሸሸሁ። ይሄን ሁሉ ጭነት ከላዬ አንሱልኝ፤ ያለዚያ አልመለስም።"

ባሌስትራው አልመለስም አለ፤ ጎማው አልዞርም አለ። ደራሹ ብቻ "መጣሁ!" አለ።

ዘርጋው ይሄን ሲሰማ ትንሽ ደስ አለው። አዲስ ቡሎን አለው፣ ክሪክም አለው፤ መኪና የሚያነሳ ክሪክ ካለ ምን ችግር አለ? ክሪኩን ከሥር አስገብቶ ማዞር ጀመረ። አንድ ጣት ከፍ ሲል ሁለት ጣት ይሰምጣል። ደግሞ አንድ ጣት፤ ደግሞ ሁለት።

"አንተ ክሪክ፣ አንሳ እንጂ! አንተ ካላነሳህ ባሌስትራው አልመለስም አለ፤ ባሌስትራው ካልተመለሰ ጎማው አልዞርም አለ።"

"ጉልበት አላጣሁም" አለ ክሪኩ። "እግሬን የሚይዝልኝ አጣሁ። አሸዋው ካልያዘኝ አላነሳም።"

"አሸዋ፣ አንተ አሸዋ! ክሪኩን ያዘው!"

አሸዋ ዓይኑን አያሽም። "እኔ የምይዘው የተነጠፈብኝን ነው። ሰፊ ሳንቃ አምጡና አንጥፉብኝ። ያለ ሳንቃ አልይዝም።"

አሸዋው አልይዝም አለ፤ ክሪኩ አላነሳም አለ፤ ባሌስትራው አልመለስም አለ፤ ጎማው አልዞርም አለ። ደራሹ ብቻ "መጣሁ!" አለ።

ግፉ! ምነው ድምፃችሁ ቀነሰ? ፈራችሁ እንዴ? እነሱም ፈርተዋል። ከላይ እርጥብ አፈር የሚሸት ነፋስ መጥቶ የሴቶቹን ነጠላ አውለበለበው። አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ዘርጋው ተጠባባቂውን ጎማ ከሥር ቢያነጥፍ ክሪኩ ተንሸራቶ እጁን ሊቆርጠው ደረሰ። "የወፍጮውን ድንጋይ ስጡኝ፣ እሱን ላንጥፍ!" አለ።

"ምን አልክ?" አለች ደብሬ። "ጥርሱ ቢሰበርስ? ወፍጮ ለማዳን ወፍጮ ልንሰብር ነው? ሳንቃ ፈልግ!"

ሳንቃ። በወለሌ አሸዋ ላይ ሳንቃ ከየት ይመጣል? ሴቶቹ ግን ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ዞሩ።

ከኋላ ጥግ ላይ እትዬ ጠጅቱ ተቀምጠዋል፤ ከማኅበሩ ሴቶች ሁሉ ታላቋ። ጉልበታቸው ላይ ሰፊ፣ ወፍራም፣ የጠቆረ ሳንቃ አጋድመዋል። በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

"እትዬ" አለች ደብሬ ቀስ ብላ፣ "ሳንቃውን ይስጡን። ሳንቃው ከሌለ አሸዋው አልይዝም አለ፤ አሸዋው ካልያዘ ክሪኩ አላነሳም አለ፤ ክሪኩ ካላነሳ ባሌስትራው አልመለስም አለ፤ ባሌስትራው ካልተመለሰ ጎማው አልዞርም አለ።"

"አልሰጥም" አሉ እትዬ ጠጅቱ።

"እትዬ! ወፍጮው ሊሄድ ነው!"

"ወፍጮው የእኔም ነው!" አሉና እንባቸው መጣ። "ከእናንተ ሁሉ በፊት በእጄ የፈጨሁ እኔ ነኝ፤ ትከሻዬን የጨረሰው ያ ድንጋይ ነው። ከወፍጮዬ ጋር እንጂ ከዘርጋው ጋር አልተሳፈርኩም። መሐላ አለብኝ። መሐላዬ ካልለቀቀኝ አልሰጥም።"

መሐላው ምንድነው አትሉም? ልንገራችሁ። ዘርጋው መኪናውን ከፍ ያስደረገ ሰሞን ገበያ መሃል አቁሞ ሰው ይጭናል። ከፍታው ለጎረምሳ እንጂ ለአሮጊት አይሆንም። እትዬ ጠጅቱ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እግራቸውን ቢሰቅሉ አልደርስ አላቸው፤ ደግሞ ቢሰቅሉ ቀሚሳቸው ያዛቸውና በጀርባቸው ወደቁ፤ ያ ሁሉ ገበያተኛ እያየ። ዘርጋው ምን ቢል ጥሩ ነው? ጥሩንባውን ነፋና "እትዬ፣ ለእርስዎስ መሰላል ማሠራት ነው!" ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ገበያው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ጠጅቱ አቧራቸውን አራግፈው ቀጥ ብለው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። መምሬ ላቀው ፊት ቆመው "ዘርጋው ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ሥር ካልወደቀ፣ ከእኔ የወጣ ነገር ለእሱም ለመኪናውም ቢጠቅም ማርያም አታማልደኝ!" ብለው ማሉ። ከዚያ ወዲህ ወደ መኪና ሲመጡ ያን ሳንቃ ተሸክመው ነው፤ አስደግፈውት፣ በእሱ ላይ ረግጠው ይወጣሉ። የማንንም እጅ አይዙም።

"መሐላ፣ አንተ መሐላ፣ ልቀቃቸው!" ብትሉት መሐላ ጆሮ አለው? "የቋጠረኝ ቄስ ፊት ነው፤ ቄስ ይፍታኝ። ቄሱ ካልፈታኝ አልለቅም" አለ።

መሐላው አልለቅም አለ፤ እትዬ ጠጅቱ አልሰጥም አሉ፤ አሸዋው አልይዝም አለ፤ ክሪኩ አላነሳም አለ፤ ባሌስትራው አልመለስም አለ፤ ጎማው አልዞርም አለ። ደራሹ ብቻ "መጣሁ!" አለ።

ግፉ!

መጣ ደግሞ። በአሸዋው ላይ እንደ ክር የቀጠነች ውሃ እየተሳበች ደረሰች፤ ገለባና የፍየል በጠጥ ትገፋለች። ትንሽ ናት፤ ግን ታላቋ ከኋላዋ እንዳለች ሁሉም ያውቃል። ሴቶቹ ወደ ጋቢናው ሮጡ። መምሬ ላቀው መስቀላቸውን በእጃቸው ይዘው ዳዊት ይደግማሉ።

"መምሬ፣ ይፍቱልን!" አሉ ሴቶቹ ባንድ አፍ። "እርስዎ ካልፈቱ መሐላው አልለቅም አለ፤ መሐላው ካልለቀቀ እትዬ አልሰጥም አሉ፤ እትዬ ካልሰጡ አሸዋው አልይዝም አለ፤ አሸዋው ካልያዘ ክሪኩ አላነሳም አለ፤ ክሪኩ ካላነሳ ባሌስትራው አልመለስም አለ፤ ባሌስትራው ካልተመለሰ ጎማው አልዞርም አለ!"

መምሬ ላቀው ውሃውን አዩ፣ አሮጊቷን አዩ፣ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። እሳቸውም ፈርተዋል፤ ቄስ ቢሆኑ ሰው ናቸው።

"ልጆቼ፣ በማርያም ስም የተማለ መሐላ እንደ ነጠላ ጫፍ ቋጠሮ ዝም ተብሎ አይፈታም። መፍቻውን እሷው ተናግራለች። በዳዩ ድንጋይ ይሸከም፣ ይውደቅ፣ ያኔ እኔም 'እግዚአብሔር ይፍታሽ' እላለሁ። የዘርጋው አንገት ካልጎነበሰ አልፈታም።"

እንግዲህ ተመልከቱ። ጎማ ስንል፣ ባሌስትራ ስንል፣ ክሪክ ስንል፣ ቄስ ደጅ ስንጠና ዞረን ዞረን የት ደረስን? የዘርጋው አንገት ላይ።

ዘርጋው ከመኪናው ሥር ወጣ። ፊቱ ቅባት በቅባት ነው። "እኔ? ድንጋይ? በሴት ፊት?" አለ። "ቀልድ ነው የተናገርኩት! ሰው አይቀለድም እንዴ? ይሄ አንገት ለአባቴም አልጎነበሰም። አልሸከምም! ከፈለገ ደራሹ መኪናውንም ይውሰደው!"

አንገቱ አልጎነበስም አለ፤ መምሬ አልፈታም አሉ፤ መሐላው አልለቅም አለ፤ እትዬ ጠጅቱ አልሰጥም አሉ፤ አሸዋው አልይዝም አለ፤ ክሪኩ አላነሳም አለ፤ ባሌስትራው አልመለስም አለ፤ ጎማው አልዞርም አለ። ደራሹ ብቻ "መጣሁ፣ መጣሁ!" አለ።

ውሃው ቁርጭምጭሚት ደረሰ። ከላይ ከወንዙ መታጠፊያ በኩል ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ የሚመስል ጉርምርምታ ይሰማል። መሬቱ ከእግራቸው ሥር ይንቀጠቀጣል። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ወደ ዳር ሮጡ፣ ወፍጮውን ዞረው ሲያዩ ደግሞ ተመለሱ።

ደብሬ ዘርጋው ፊት ቆመች። ያ ድምጿ የት እንደገባ እንጃ፣ ዝግ ብላ ነው የተናገረችው።

"መኪናው ያንተ ነው፣ ለማንም ስጠው። ትናንት ማታ የሚስትህን ጀርባ በቅቤ ያሸሁት ግን እኔ ነኝ። የጆንያው ገመድ ቆዳዋን ልጦታል። ከነሆዷ ነው የምትሸከመው፤ ወሯ ገብቷል። ለአንተ እንዳልነግርህ ለምናኛለች። ይሄ ወፍጮ ዛሬ ከሄደ ነገ ጆንያውን አንስታ ያን ዳገት የምትወጣው እሷ ናት። እንግዲህ አንገትህን ይዘህ ቁም።"

ዘርጋው ወፍጮውን አየ። ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በውሃው ውስጥ ይዳብስ ጀመር። ድንጋይ ይፈልጋል። ወለሌ ላይ ድንጋይ የለም አላልኳችሁም? አሸዋ አፈሰ፣ አሸዋ ጣለ። ደራሹ እየጮኸ ነው፤ ድንጋይ የለም።

ዘሎ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተ። ከሁለቱ የወፍጮ ድንጋዮች ትንሿን ጎተተ፤ ትንሿ ትባል እንጂ ሴቶቹ ለአራት ነው የጫኗት። ጀርባውን ሰጥቶ ማጅራቱ ላይ አሳረፋት።

"ጥርሷን! ጥርሷን እንዳትሰብር!" ብላ ጮኸች ደብሬ፤ ቀጥላ "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አንገትህን!" አለች።

ዘርጋው አንድ እርምጃ ሄደ። ሁለተኛውን ሲል እትዬ ጠጅቱ ከተቀመጡበት ሥር ውሃው ውስጥ በጉልበቱ ወደቀ። የአንገቱ ሥር ተገታትሯል። እንዲህም እያለ ተናገረ፤

"እትዬ፣ መኪናዋን ከፍ ያስደረግኳት ለጭነት አይደለም። ሰው ቀና ብሎ እንዲያየኝ ነው። እርስዎ ሲወድቁ ሮጬ ማንሳት ነበረብኝ። ገበያው እንዲስቅልኝ ብዬ አዋረድኩዎት። ባለጌ ነኝ። ስለ ማርያም ይቅር ይበሉኝ።"

እትዬ ጠጅቱ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲጠብቁት የኖሩት ቃል ነው። ግን ቃሉን ከመስማታቸው በፊት አንገቱን አዩ።

"ልጄን! ልጄን ጨፈለቀችው! ምን ቆማችሁ ታያላችሁ፣ አንሱለት!" ብለው ጮኹ። "ይቅር ብዬሃለሁ! ለማርያም ብዬ ይቅር ብዬሃለሁ! መምሬ፣ ምን ይጠብቃሉ፣ ይፍቱኝ እንጂ!"

ግፉ! አሁን ነው መግፋት!

አንገቱ ሲጎነበስ መምሬ "ይፍታሽ" አሉ፤ መምሬ ሲፈቱ መሐላው ለቀቀ፤ መሐላው ሲለቅ እትዬ ጠጅቱ ሳንቃውን ሰጡ፤ ሳንቃው ሲነጠፍ አሸዋው ያዘ፤ አሸዋው ሲይዝ ክሪኩ አነሳ። ዘርጋው የተሰነጠቀውን ታኮ ጎትቶ ወረወረው። ደብሬ በብረት ዘንግ ገፋች፣ ዘርጋው ጎተተ፣ ቀዳዳው ከቀዳዳው ገጠመ። አዲሱ ቡሎን ገባ፣ ዳዶው ጠበቀ፤ ባሌስትራው ተመለሰ። ሴቶቹ ድንጋዩን መልሰው ጫኑ፤ ውሃው ጉልበታቸውን ነክቷል። ዘርጋው ክሪኩን ነቅሎ ጋቢና ገባ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ነዳጅ ሰጠ። ጎማው ዞረ!

ዞረ! አንዴ ዞረ፣ ሴቶቹ ገፉ፣ ደግሞ ዞረ። መምሬ ላቀውም መስቀላቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ገፉ። መኪናው እያነከሰ፣ እያጓራ የወዲያውን ዳገት ወጣ። እትዬ ጠጅቱ በአንድ እጃቸው ሞተሩን፣ በሌላው ድንጋዩን አቅፈው ላይ ናቸው። የመጨረሻዋ ሴት እግሯን ከአሸዋው ላይ ስታነሳ ደራሹ በመታጠፊያው ብቅ አለ፤ ግንድ ተሸክሞ፣ ጭቃ ለብሶ። ቅድም የቆሙበትን ቦታ አላየም፤ ዝም ብሎ አለፈበት። ሴቶቹ ዳር ላይ ተደርድረው እልል ማለት አልቻሉም፤ ትንፋሽ የለም። ቆይተው ነው እልል ያሉት።

ያን ጊዜ ዘርጋው ራሱን ያዘ። "እትዬ! ሳንቃዎ! ሳላነሳው ቀረ እኮ! ውሃው ወሰደው!"

እትዬ ጠጅቱ ወንዙን አዩት። "ይውሰደው" አሉ። "የሟች ባሌ የአልጋ ሳንቃ ነበር። ነፍሱን ይማረውና በሕይወቱ አንድ ቀን እህል ተሸክሞልኝ አያውቅም፤ እዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ 'ጠጅቱ፣ እንጀራው ደረሰ?' ይል ነበር። ይኸው ዛሬ ተሸከመ።"

ሴቶቹ ሳቁ። እንዴት እንደሳቁ! እትዬም ሳቁ፣ አለቀሱ፣ ሳቁ። ዘርጋው ብቻ አልሳቀም። መምሬን ወደ ኋላ ልኮ እትዬ ጠጅቱን ጋቢና አስገባቸው። ክንዳቸውን ሲዘረጉለት ያዛቸው፤ እጁን አልገፉትም። የቀረውን መንገድ ሁሉ ቀስ ብሎ ነዳ።

ወፍጮው ሾላ በር ተተከለ። ከመጀመሪያው ዱቄት የመጀመሪያው ዳቦ ለዘርጋው ሚስት ሄደ፤ እሷም ተቀምጣ በላችው። እናንተም ተረቴን ገፍታችሁ አሻግራችኋልና ከዚያው ዳቦ ቆርሳችሁ አፌን አብሱልኝ።